ለገላባቱ ሹም የጻፍሁት ሰላምታ

መተማ፣ መጋቢት 5 ቀን 1932 ዓ.ም.

ይድረስ ሳንጃ ላለችው እኅቴ።

እንደምን ከርመሻል? የጉልበትሽ ነገር እንዴት ሆነ? ከብቶቹ ውኃ ፍለጋ ሩቅ ነው የሚወርዱት ወይስ ምንጩ ዘንድሮ አልደረቀም? ጾሙንስ እንዴት ያዝሽው? አምና ታመሽ ሳለ እንኳ አልገድፍም ብለሽ ቄሱን እንዳስቸገርሽ ሰምቻለሁ፤ የኔ እኅት መሆንሽ እዚህ ላይ ይታወቃል። ጎረቤቶችሽን ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ። እኔ በሕይወት አለሁ። እዚህ ሙቀቱ ከወትሮው ቀድሞ ገብቷል፤ ሣሩ ተቃጥሎ አልቋል፤ ምድሩ ጥቁር ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሰው ጨው ነጋዴ ነው። ስለ ጉዳያችን የሚያውቀው ነገር የለምና አትጠይቂው። እህል አቅምሺው፣ አህዮቹን አጠጪለት፣ ይሂድ። የምለው ሁሉ ወረቀቱ ላይ አለ። ፊደል ያስቆጠርሁሽ እኔ ነኝ፤ ራስሽ አንብቢው እንጂ ለደብተራ አትስጪ። ተቀምጠሽ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

በጥር መጨረሻ፣ ሸጋው የጣሊያን የመንገድ ሥራ ስለ ያዘው ወደ አንቺ መምጣቱ ዘገየ ብዬ ጽፌልሽ ነበር። እውነት አልነበረም። ልጅሽ ከጥር 16 ቀን ጀምሮ በእንግሊዝ እጅ ነው። ያሳሰርሁት እኔ ነኝ። ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

ጣሊያን ገብቶ ከኬላ ጸሐፊነቴ ካስወጣኝ ወዲህ፣ የእሱ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት በእጄ አልይዝም ብዬ መማሌን ታውቂያለሽ። ቋንቋውንም አልማርም አልሁ። በእሱ ፈንታ እንግሊዝኛ ጀመርሁ። የመተማ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔ ግን ዐረብኛን ከጆንያ ላይ ጽሑፍና ከነጋዴ ደረሰኝ ለቅሜ የተማርሁ ሰው ነኝ፤ ያስተማረኝ የለም፤ ይህንንም ያለ አስተማሪ እወጣዋለሁ አልሁ። እንግሊዝ ያለው ገላባት ነው፤ በእኛና በእሱ መካከል ያለው ኮር የምንለው ደረቅ ወንዝ ብቻ ነው። አንድ ቀን ይሻገራል፤ በተሻገረ ቀን የአገሩን ሰው ጉዳይ በቋንቋው የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። ሐሳቤ እንዲህ ነበር። ጣሊያን ቢሰማ እንደሚያስገርፈኝ ስለማውቅ ከሸጋው በቀር ለማንም የምማርበትን መጽሐፍ አላሳየሁም።

መጽሐፉ በዐረብኛ የተብራራ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ነው። ሽፋን የለውም። ስሙን፣ ተውላጠ ስሙን፣ ግሡን፣ ቅጽሉን በሁለት ዓመት ጨረስሁ። ዘጠነኛው ምዕራፍ ተውሳከ ግሥ ይላል። ከርእሱ በታች ሦስት መስመር አለ፤ ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ የለም። የቀድሞው ባለቤት እየቀደደ ቶምባክ የሚሉትን ትንባሆ ጠቅልሎበታል።

ተውሳከ ግሥ ምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ልጅሽ በምን ምክንያት እንደታሰረ ማወቅ ይገባሻልና። ሰውየው መጣ ስትዪ መጣ የሚለው ግሥ ነው፤ ሥራው ነው። እንዴት መጣ፣ መቼ መጣ፣ ምን ያህል መጣ ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው ቃል ተውሳከ ግሥ ነው። ትናንት መጣ፣ ቶሎ መጣ፣ ከቶ አልመጣም። በኛ ቋንቋ ብዙውን ጊዜ ይህን ቦታ የሚይዘው ሌላ ግሥ ነው፤ ቸኩሎ መጣ፣ ተደብቆ መጣ እንላለን። እንግሊዝ ግን ቃሉን ወስዶ ከኋላው ሊ የሚል ጭራ ይቀጥልበታል፤ ስሎው ዝግተኛ ነው፣ ስሎውሊ በዝግታ ይሆናል። ሁሉም ቃል ግን ጭራውን አይቀበልም። የትኛው ተቀብሎ የትኛው እንደማይቀበል፣ ከግሡ በፊት ይሁን በኋላ የት እንደሚቀመጥ፣ በጠፋው ወረቀት ላይ ነበር።

ሸጋው ከመንገድ ሥራ ሲመለስ ራኩባ በምንለው የሣር ዳስ ሥር ከእኔ ጋር ይቀመጥ ነበር። አቧራውን ሳይታጠብ ያፌዝብኛል። አጎቴ፣ እኛ ዘንድ ሰው መጀመሪያ ይቸኩላል፣ ቀጥሎ ይመጣል፤ ሁለት ሥራ ነው፤ እንግሊዝ በአንድ ሥራ ይገላገላል፤ አገር የያዘው በዚህ ነው አለኝ። የሱዳን ሎሪ ሾፌሮች እንግሊዝኛ ሲነጋገሩ ሰምቶ ያለ ጭራው ይናገራል፤ እቆጣዋለሁ። ጭራ የሌለው አህያም ጭነት ያደርሳል ይለኛል። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ማንም እንደዚያ አይናገረኝም፤ እሱ ሲናገረኝ ግን ዝም እላለሁ። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከጥምቀት በኋላ፣ የገላባቱ የሙጫ ነጋዴ ሷሊህ ያንኑ መጽሐፍ ሙሉውን አገኘሁልህ ብሎ ላከብኝ። ለመሻገር የጣሊያን የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። እኔ የለኝም፤ አልወስድም ብያለሁ። ሸጋው ግን በመንገድ ሥራው የተነሣ ወረቀቱ ነበረው። ያን ቀን ግን ወደ አንቺ ሊመጣ ስንቁን ቋጥሮ፣ ለአንቺ የገዛውን ነጠላ በላዩ አድርጎ ጨርሶ ነበር። መጀመሪያ ተሻግረህ መጽሐፉን አምጣልኝ፣ ከቀትር በኋላ ትሄዳለህ አልሁት። አጎቴ፣ ከእናቴ ስመለስ አመጣልሃለሁ፤ መጽሐፉ እግር የለው፣ የት ይሄዳል አለኝ። እኔ የጀመርሁትን ምዕራፍ ሳልጨርስ ሞቼ ልገኝልህ ወይ አልሁት። ሳቀ። ነጠላው እንዳይቆሽሽ አደራ ብሎኝ ሄደ።

አልተመለሰም። በማግስቱ ዘሊካ መጣች። ዘሊካ ጎረቤቴ ናት፤ ቅቤ ይዛ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ገላባት የምትሻገር ሴት ናት፤ ሁለቱም ወገን ያውቃታል። ሸጋውን የእንግሊዝ ወታደሮች ሷሊህ ሱቅ ሳይደርስ ፈትሸው ይዘውታል አለችኝ። ዘንድሮ እንግሊዝ በዓለም ላይ ጦርነት ስላለበት የሚሻገረውን ሁሉ በጥርጣሬ ያያል። ልጁን ምን ልትገዛ መጣህ ሲሉት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ብሏል። የጣሊያን ወረቀት በኪሱ የያዘ የጣሊያን የመንገድ ሠራተኛ እንግሊዝኛ ለምን ይማራል? ሰላይ ነህ አሉት። መጽሐፉ የማን ነው ብለው ሲጠይቁት ስም አልጠራም። ስሜን ቢጠራ ነገሩ ኮሩን ተሻግሮ ጣሊያን ጆሮ እንደሚገባ ያውቃል። በእኔ ላይ ግርፋት እንዳይመጣ አፉን ዘጋ።

ዘሊካ እንዲህ አለችኝ። አያ ጸሐፊ፣ የእንግሊዙን ሹም አስተርጓሚ ሚስት ሐሚዳን አውቃታለሁ፤ ነገ ሄጄ ነገሩን ልንገራት፤ መጽሐፉ የሽማግሌ አጎቱ ነው፣ ልጁ ምንም አያውቅም ማለት ብቻ ነው፤ ከቅቤው ጋር አደርሰዋለሁ። እኔ ምን አልኋት? የሥጋ ዘመዴ ጉዳይ በቅቤ ነጋዴ አፍ በገበያ ዐረብኛ አይነገርም፤ እኔ ራሴ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ አልኋት። ጭንቅላቷን ይዛ ቆየች። አንድ ቃል ለመናገር ስንት ሳምንት ሊፈጅብህ ነው አለችኝ። ከቤቴ ውጪልኝ አልኋት።

ወጣች፤ ሷሊህ የሰጣትን መጽሐፍ ግን በሦስተኛው ቀን በቅቤ ቅል ሥር ደብቃ አመጣችልኝ። ቅር ብሏት ሳለ አመጣችልኝ። ዘጠነኛው ምዕራፍ ሙሉ ነበር፤ አሥራ አንድ ገጽ። እኅቴ፣ ልጅሽ በቆርቆሮ ቤት ታስሮ ሳለ እኔ ራኩባ ሥር ተቀምጬ ያን ምዕራፍ አነበብሁ። ሳነበው ደስ አለኝ። ልዋሽሽ አልችልም፤ ደስ አለኝ።

ለገላባቱ የእንግሊዝ ሹም የሚላከውን ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ስሕተት ያለበትን ወረቀት ለሹም አልልክም አልሁ። ከክቡርነትዎ ፊት በትሕትና እቆማለሁ፣ ስለ ጤናዎ ዘወትር አስባለሁ፣ የመንግሥትዎን ደግነት በሩቅም በቅርብም እሰማለሁ፣ ከልብ፣ እጅግ፣ በየዕለቱ። አሥራ አራት ተውሳከ ግሥ አስገባሁበት፤ እያንዳንዱን ከመጽሐፉ ጋር አስተያየሁት፤ አንዱም ከቦታው አልሳተም። በመጨረሻው መስመር ላይ፣ የቀረውን ይህን ወረቀት ይዞ የመጣው ሰው በቃሉ ያስረዳዎታል ብዬ ዘጋሁት። የሸጋው ስም የለበትም። የኔ ስሕተት የለበትም። ጉዳዩም የለበትም።

አንቺ አትነቅፊኝም፤ አባታችን ለሹም ሲጽፍ እንዲሁ ነበር የሚጽፈው። ወረቀቱ ሰላምታ ነው፤ ጉዳዩ በታመነ ሰው አፍ ይሄዳል። ጉዳይን በወረቀት ላይ ዘርግፎ መላክ ለሹሙም ንቀት ነው፣ ወረቀቱ ቢያዝም አደጋ ነው። አሁን ግን ይህን ስጽፍልሽ ልብሴን ገልጬ እንደማሳይሽ ነው። የጻፍሁት ስለ ልማድ ነው ወይስ ስሜ ከጉዳዩ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ እንዳይገኝ ፈርቼ? ልማድ ነው እላለሁ። ልጁ ግን ስሜን ሳይጠራ ተቀመጠ፤ እኔ ደግሞ ስሙን ሳልጽፍ ላክሁ።

ይዞ የሄደው አለነ ነው። አለነ ከደምቢያ የመጣ ባልንጀራዬ ነው፤ ጺሙ ያማረ፣ ጋቢው የነጣ፣ በሸንጎ ሲናገር ሰው ጸጥ የሚልለት ሽማግሌ ነው። እሱን የመረጥሁት ለግርማው ነው። ዐረብኛ ግን አንድ ቃል አያውቅም። ገላባት ሲደርስ ዘበኛው ወረቀቱን ተቀብሎ ገባ፤ እሱን ከግራር ሥር አቆመው። አስተርጓሚው ያን ሳምንት ገዳሪፍ ሄዶ ኖሯል። ሹሙ ደብዳቤውን አንብቦ ሰውየው የሚናገረው ምንድን ነው ብሎ ወታደር ላከ። ወታደሩ በዐረብኛ ጠየቀ፤ አለነ በአማርኛ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረ፤ ሲጨርስም እጅ ነሣ። ወታደሩ ገብቶ፣ እጅ ነሥቷል፣ ሌላ ነገር የለውም አለ። አለነ ይህን ሲነግረኝ ደንቆሮ ለደንቆሮ ስናወራ ዋልን አለ። አሳምሬ ነበር የተናገርሁት፤ አንተ ብትሰማው ታለቅስ ነበር አለኝ።

በየካቲት አጋማሽ፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ የሹሙን መልስ ይዞልኝ ተመለሰ። አራት መስመር ነው። ስከፍተው ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ካይንድሊ በሚለው ላይ ነው። ቀጥሎ ፕሌንሊ አለ። ከዚያም ብሪፍሊ። ሦስት ተውሳከ ግሥ በአራት መስመር ውስጥ፤ ሦስቱንም ያለ መጽሐፍ አወቅኋቸው። ለአለነ በጣቴ እያሳየሁ ይኸው፣ ይኸው አልሁት። እሱም ደስ ብሎት ተፈታ ማለት ነው ወይ አለኝ። ያን ጊዜ ነው ወደ ግሦቹ የተመለስሁት። ሹሙ የሚለው ይህ ነበር። ስለ ሰላምታዎ አመሰግናለሁ። የላኩት ሰው የነገረኝ ነገር የለም። የሚፈልጉትን እባክዎ በግልጽና በአጭሩ ይጻፉልኝ።

አለነ እየጠበቀኝ ነበር። አልተፈታም አልሁት። ጋቢውን አስተካክሎ ሄደ።

ረቡዕ ሁለተኛውን ደብዳቤ ጻፍሁ። ሰላምታ የለበትም። የያዛችሁት ሰው የእኅቴ ልጅ ነው፤ የላክሁት እኔ ነኝ፤ መጽሐፉ የእኔ ነው፤ እሱን ልቀቁና እኔን ያዙ። ይኸው ነው፤ ስሜን ከነአባቴ ጻፍሁበት። ሐሙስ ማለዳ ዘሊካ ቅቤዋን ተሸክማ በደጄ ስታልፍ፣ አያ ጸሐፊ፣ አለቀ ወይ አለችኝ። አንድ ቃል ቀርቶኛል፣ የት እንደሚቀመጥ መጽሐፉን ላይ፣ በንጹሕ ወረቀትም ልገልብጠው አልኋት። ቆመች። ፀሐይዋ ወጣች። እንዳለ ስጠኝ፤ እንግሊዝ አንተን ሰዋስው ሊፈትን አይደለም የተቀመጠው አለችኝ። የቆሸሸ ወረቀት አልሰጥም አልሁ። ቅቤዬ ይቀልጥብኛል አለችና ሄደች።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ገልብጬ ጨረስሁ። እሷ በዚያው ሰዓት ገላባት ገበያ ዳር ላይ ሆና ሎሪ ሲጫን አየች። ስድስት እስረኞች ነበሩ፤ ሸጋው አራተኛው ነው። እጁን በገመድ አስረውታል። ጠራችው። ዞሮ አያትና፣ ለእናቴ ሥራ ይዞት ነው በሉልኝ፣ ለአጎቴም ስምህን አልጠራሁም ብሎሃል በይው አላት። ወታደሩ ገፋ አድርጎ ሎሪው ላይ አወጣው። ሎሪው በገዳሪፍ መንገድ ሄደ።

ይህን ስትነግረኝ አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን በእጄ ይዤ ነበር፤ አየችው፤ ስጠኝ አላለችኝም። ከዚያ ወዲህ በሐሚዳ በኩል ስትጠይቅልኝ አንድ ቀን ገዳሪፍ ነው ይሏታል፣ አንድ ቀን ካርቱም አሳልፈውታል ይሏታል፣ አንድ ቀን ስለ እስረኛ አትጠይቂ ይሏታል። ሹሙም ተለውጧል፤ አዲሱ ሹም ስለ እኔ ሰላምታ የሚያውቀው የለም። ሁለተኛውን ደብዳቤ ላክሁ፤ መልስ የለም። ሦስተኛም ላክሁ። ማታ ራት ሲቀርብልኝ ለሁለት ሰው መስሎኝ እጄን እሰበስባለሁ።

እኅቴ፣ በዕድሜዬ ሁሉ ያልቻልሁት ነገር ቢገጥመኝ ተቀምጬ እማረው ነበር። ይህ የሚማሩት አይደለም። ማንን እንደምጠይቅ፣ በየትኛው በር እንደምቆም፣ ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም። ይቅር በይኝ ማለትን አልለመድሁም፤ እዚህ ብጽፈው ደግሞ ሰላምታ ይመስልብኛል። አልጽፈውም።

ትናንት ወደ ጣሊያን ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። የይለፍ ወረቀት ስጡኝ አልሁ። እዚያ የሚጽፈው የአገራችን ሰው ነው፤ በኬላው ዘመን ቀለም አቅራቢዬ ነበር። ዛሬስ ማኅተሙ አይሸትህም ወይ አለኝ። ፈርም አለኝ። አልችልም አልሁት። ጸሐፊ አልነበርህም ወይ፣ ፊደል ረሳህ አለኝ። ረሳሁ አልሁት። አውራ ጣቴን ቀለም ነክሮ በወረቀቱ ላይ አሳረፈው። እስካሁን አልለቀቀልኝም፤ ይህን የምጽፍልሽ በዚያው እጄ ነው።

ቅዳሜ ከዘሊካ ጋር እሻገራለሁ። የይለፍ ወረቀቱን ለእኔ ስጠኝና በቅሉ ሥር ልደብቅልህ፣ እንደ ሌላው ሰው በታች በኩል በኮሩ ሹልክ ብለን እንሻገር አለችኝ። አይሆንም አልኋት። በሩ ላይ ይፈትሻሉ፤ ይፈትሹኝ፤ እሱን ወደ ወሰዱበት ይውሰዱኝ። ከሸጋው ኪስ ያገኙት ያው ዓይነት ወረቀት ነው፤ በደረት ኪሴ ሆኖ ወጣ ብሎ ይታያል። መጽሐፉን በእጄ እይዛለሁ። የተያዙትን በየትኛው ሎሪ ወዴት እንደሚወስዷቸው ዘሊካ አይታለች። አንቺ የኔ ቃል ቢዘገይ ሰው አትላኪ።

የአባታችንን መሬት የኔን ድርሻ ከዘንድሮ ጀምሮ አንቺ አሳርሺው፤ ለአለነ ነግሬዋለሁ፤ ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ። ነጠላው ከነጋዴው ጋር ደርሶሻል፤ አልቆሸሸም። ገና አዲስ ነው፤ ለብሰሽው ቤተ ክርስቲያን ሂጂ እንጂ ሳጥን ውስጥ አታኑሪው።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ምንጩን አያድርቅብሽ። ፋሲካን በደህና ያድርስሽ፤ በደጅሽ የሚጠራሽን ድምፅ ለመስማት ጆሮሽን ያቆይልሽ። ለእኔ አትጸልዪ፤ ለእሱ ጸልዪለት፤ እግረ መንገዱን ለእኔም ይደርሰኛል።

ወንድምሽ